በ49 ነጥብ ስታሸንፉ ስለ ኳርተርባካችሁ እንዴት ይወራል?

ልብስ ሰፊ ነኝ። ጎንደር፣ ቅዳሜ ገበያ አጠገብ፣ ሁለት ሲንጀር የምታስገባ ጠባብ ሱቅ አለችኝ። አንዱ መኪና የኔ ነው። ሌላው ላይ ተለማማጁ ይቀመጣል። በሩ ላይ ጥላፊዋ በርጩማዋን አስጠግታ መስቀል ትጠልፋለች። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ደግሞ ከሰዓት በኋላ መጥተው ከእኛ ጋር ይቀመጣሉ። ለማሰፋት አይደለም፤ ለወሬ ነው።

የምጽፈው ስለ አሜሪካ ፉትቦል ነው። ቆዩ፣ አትሂዱ።

ታናሽ ወንድሜ ዲቪ ደርሶት ባልቲሞር ይኖራል። የከተማው ቡድን ሬቨንስ ይባላል። ወንድሜ ማሊያ ላከልኝ። ወይን ጠጅ ቀለም፣ ጀርባው ላይ 8 ቁጥር። የኳርተርባካቸው የላማር ጃክሰን ነው። መጠኑ ግን ለሁለት ሰው ይበቃል። ጎንና ጎኑን ያዝኩት፣ እጅጌውን አሳጠርኩት፣ በልኬ አደረግኩት። ከዚያ ወዲህ ደጋፊ ነኝ። ለሦስት ሰዓት የደከሙበትን ልብስ አለመደገፍ ይከብዳል።

ጳጉሜ 3 ቀን 2011 እሁድ ነበር፤ የሩፋኤል ዕለት። ቀን ዘንቦ የሰፈሩ ሕፃናት ራቁታቸውን ዝናብ ሲመቱ ውለዋል። ማታ 2 ሰዓት ላይ ወንድሜ በኢሞ ደወለ። ስልኩን ቴሌቪዥኑ ላይ ደቀነና «በል እይ!» አለኝ። ሬቨንስ ማያሚ ድረስ ሄዶ ከዶልፊንስ ጋር ይጫወታል። ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል። እኔ የማየው አንዴ የሰው ክምር፣ አንዴ የወንድሜን አውራ ጣት ነው። ጩኸቱ ግን አልተቋረጠም። ጨዋታው 59 ለ 10 አለቀ። ላማር 20 ጊዜ ወርውሮ 17ቱ ተያዙለት። 324 ያርድ፣ 5 ተችዳውን።

በነጋታው ሱቅ ውስጥ ማን ይቻለኝ። «እንዲህ ያለ ሰው እስከዛሬ አልተፈጠረም» አልኩ። መምህሩ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«ለእረፍት ሲወጡ ስንት ለስንት ነበር?»

አላውቅም።

«ማያሚ ጠንካራ ቡድን ነው?»

አላውቅም።

«ታዲያ ምኑን ነው ያየኸው?»

የወንድሜን አውራ ጣት፣ ብዬ አልመለስኩም። ጥላፊዋ ግን መርፌዋን ይዛ ሳቀች። ያን ቀን የማላውቀውን ነው ዛሬ የምጽፍላችሁ።

ሰውዬው ምን እንደሚሠራ

ይህን በአጭሩ ልለፈው። ኳርተርባክ ማለት ኳሱ ከመሬት ሲነሳ በእጁ የሚገባለት ሰው ነው። ከዚያ ይወረውራል፣ ለሌላ ሰጥቶ ያስሮጣል፣ ወይ ራሱ ይሮጣል። ቡድኑ 10 ያርድ ለመሄድ አራት ሙከራ አለው። ከሄደ እንደገና አራት ያገኛል። መጨረሻ መስመሩን ካለፈ ተችዳውን ነው፤ 6 ነጥብ። በእግር ተመትታ በብረቱ መሃል የምታልፍ ደግሞ 3 ነጥብ ታስገኛለች። ጨዋታው አራት ኳርተር ነው፣ እያንዳንዱ 15 ደቂቃ። የቀረው ሕግ እያያችሁ ይገባችኋል። እኔም እስካሁን ያልገባኝ አለ።

ያርድን በሜትራችሁ ማሰብ ከፈለጋችሁ፣ 1 ያርድ ወደ 91 ሳንቲም ተኩል ነው። የላማር 324 ያርድ 296 ሜትር ይሆናል። ያን ያህል አቡጀዲ ብዘረጋ ከሱቄ ተነስቶ የት እንደሚደርስ አንድ ቀን በእርምጃ ለክቼ ነበር። ተለማማጁ አብዷል ብሎ ለሰው አወራብኝ።

ጨዋታው የሞተበትን ሰዓት ያዙ

በሰፊ ነጥብ የተሸነፈ ጨዋታ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ይሞታል። ሰዓቱ ይሄዳል፣ ሰዎቹ ይሮጣሉ፣ ነገሩ ግን አልቋል። እኛ ሱቅ ውስጥ ከዚያ በኋላ ያለውን «የሞተ ሰዓት» እንለዋለን። የኳርተርባክ ወሬ ስታወሩ መጀመሪያ ይህን መስመር አስምሩ። መስመሩ ከመሠመሩ በፊት የሠራው ሙሉ ዋጋ አለው። ከዚያ በኋላ የሠራው በቅናሽ ነው።

ለምን መሰላችሁ? ብዙ ነጥብ የሚመራ ቡድን ሰዓቱ እንዲያልቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ መወርወር ትቶ ያስሮጣል። የሚመራው ተከላካይም አጭር አጭሯን ኳስ ይፈቅዳል፤ ትልቋን ብቻ ይጠብቃል። ስለዚህ ተሸናፊው ኳርተርባክ እንደ ልቡ ይወረውራል። በማግስቱ ወረቀት ላይ ብታዩት የተሸነፈው ከአሸናፊው ይበልጣል።

ዋናው ምሳሌ በ2006፣ በፈረንጅ የካቲት 2 ቀን 2014 የተደረገው ሱፐር ቦል፣ የሊጉ የዋንጫ ጨዋታ ነው። ሲያትል ዴንቨርን 43 ለ 8 ቀጣው። የዴንቨሩ ፔይተን ማኒንግ 34 ኳስ አስይዞ 280 ያርድ ወረወረ። 34ቱ በዚያን ጊዜ የሱፐር ቦል ክብረ ወሰን ነበር። የሲያትሉ ራስል ዊልሰን 206 ያርድ ብቻ ነው ያለው። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ማኒንግ ያሸነፈ ይመስለዋል። ለእረፍት ሲወጡ ግን 22 ለ 0 ነበር። የዴንቨር የመጀመሪያዋ ኳስ ራሷ ከማኒንግ ራስ በላይ አልፋ ለሲያትል 2 ነጥብ ሆነች። የጨዋታው ኮከብ ተብሎ የተሸለመው ደግሞ ማልኮም ስሚዝ የሚባል ተከላካይ ነው። እዚያ ቀን ስለ ዊልሰን ብቻ የሚያወራ ሰው ጎረቤት ያበሰለውን ወጥ ለራሱ ሚስት እንደሚያመሰግን ነው።

እኛ ለእግር ኳሱም እንዲህ ብናደርግ ጥሩ ነበር። የአፄዎቹ ደጋፊ ነኝ፤ ፋሲል ከነማ በ2013 የሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ድምፄ ሦስት ቀን አልተመለሰም። ግን እውነቱን ለመናገር፣ ሦስት ለባዶ ሲመሩ በመጨረሻው ደቂቃ የገባችውን አራተኛ ጎል ነው አብዝተን የምናወራው። የመጀመሪያዋን፣ ያቺን አስጨናቂዋን፣ ማን እንዳመቻቸ ይረሳል።

ወደ 59 ለ 10 ስንመለስ፣ የመምህሩን ጥያቄ ይዤ ወንድሜን ጠየቅኩት። ለእረፍት ሲወጡ 42 ለ 10 ነበር። ጨዋታው ቀድሞ ሞቷል ማለት ነው። የገደለውም ላማር ነው። ማርኪዝ ብራውን ለሚባል አዲስ ልጅ በመጀመሪያው አጋማሽ የ47 እና የ83 ያርድ ተችዳውን ወርውሮለታል። ልጁ በሕይወቱ በዚህ ሊግ የያዛቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ኳሶች ናቸው። ስለዚህ ስለ ሰዓቱ አሸነፍኩ። መምህሩ «እሺ፣ ይህን ይዣለሁ» አሉ። ግን ሁለተኛው ጥያቄ ቀረ።

በማን ላይ ነው?

እዚህ ጋ ትንሽ እቆያለሁ፤ የነገሩ ጨው እዚህ ነውና።

ላማር ማያሚን እንዲህ ያደረገው አንዴ አይደለም። ታኅሣሥ 21 ቀን 2016፣ በፈረንጆች ዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሁለቱ ቡድኖች ባልቲሞር ላይ ተገናኙ። ያኔ እኛ ጋ የሞባይል ኢንተርኔት አልነበረም። ኢሞ የለ፣ ቪዲዮ የለ። ወንድሜ በቀጥታ ደወለ፤ ሒሳቡ እንዳይቆጥርበት ቶሎ ቶሎ ይናገራል። «56 ለ 19! 21 ወርውሮ 18! 321 ያርድ! 5 ተችዳውን!» ከዚያ ተቋረጠ።

እኔም ወረቀት ላይ ጻፍኩት። ከፊተኛው ጋር ጎን ለጎን አስቀመጥኩት። 17 ከ20፣ 18 ከ21። 324፣ 321። 5፣ 5። ያው ሰው፣ ያው ተጋጣሚ። አንድ ጨርቅ ሁለት ጊዜ የተቆረጠ ይመስላል።

አይደለም። የ2011ዱ ማያሚ ሊፈርስ የተዘጋጀ ቤት ነበር። የውድድር ዘመኑ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ላረሚ ተንሲልን፣ ኳርተርባኩን የሚጠብቀውን ዋና ሰው፣ ለሂውስተን ሰጥተውታል። ሬቨንስ 59 ባገባባቸው በሳምንቱ ኒው ኢንግላንድ መጥቶ 43 ለ 0 ረታቸው። በሁለት ጨዋታ 102 ገባባቸው። የመጀመሪያ ሰባት ጨዋታቸውን ተሸንፈው ዓመቱን 5 አሸንፈው፣ 11 ተሸንፈው ጨረሱ። እና እኔ ያን ቀን «እስከዛሬ አልተፈጠረም» ያልኩት በእነዚህ ላይ ነው።

የ2016ቱ ማያሚ ደግሞ ሌላ ነው። ከዚያ ጨዋታ በፊት 11 አሸንፎ 4 ብቻ ነው የተሸነፈው። በመስከረም ዴንቨርን 70 ለ 20 አድርጎታል። በዚያ ሊግ ከ1966 በፈረንጅ ወዲህ አንድ ቡድን 70 ሲያገባ የመጀመሪያው ነው። ኳርተርባካቸው ቱዋ በዚያ ዓመት በያርድ ከሊጉ አንደኛ ወጥቷል። በጨዋታውም መጀመሪያ ላይ ማያሚ ይመራ ነበር። ላማር ለዜይ ፍላወርስ የ75 ያርድ ተችዳውን ሲወረውር ጨዋታው ገና ነፍስ ነበረው። ለማያሚ ሚዛን ለመያዝ ያህል፣ ኳስ ተቀባያቸው ጄለን ዋድል በጉዳት አልተሰለፈም። ይህን ራሳችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። ተከራካሪያችሁ ሲያነሳው ከምትሰሙት ይሻላል።

ለእኔ ሁለተኛው ከመጀመሪያው እጥፍ ይከብዳል። ወንድሜ አይስማማም። እሱ የመጀመሪያውን ነው የሚወደው፤ ምክንያቱም ላማርን ሲያንቋሽሹት ስለከረሙ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ሲወጣ «ይህ ልጅ ሯጭ እንጂ ወርዋሪ አይደለም፣ ኳስ ተቀባይ ይሁን» ያሉ ነበሩ። በፈረንጅ 2018፣ ቡድኖች አዳዲስ ልጆችን በየተራ ሲመርጡ፣ ከመጀመሪያው ዙር የመጨረሻው፣ 32ኛው ሆኖ ነው የተወሰደው። በዚያ 59 ለ 10 ቀን ሦስት ጊዜ ብቻ ሮጦ 6 ያርድ ነው ያገኘው። ሌላውን ሁሉ በክንዱ ጨረሰው። ሲያበቃ ለጋዜጠኞች «ለሯጭ መጥፎ አይደለም» አላቸው። የወንድሜ ነጥብ ይገባኛል። እሱ የሚያወራው ስለ ንግግሩ ነው፤ እኔ ስለ ጨዋታው። ስትከራከሩ ይህን ቀድማችሁ ለዩ። ግማሹ ጠብ ሁለት ሰው ስለ ሁለት ነገር ሲያወራ የሚነሳ ነው።

ሬቲንጉን በጠመኔ ማስላት

የአሜሪካ ደጋፊ ሁሉ 158.3 የሚል ቁጥር ይጠራል። የወርዋሪ ሬቲንግ ይሉታል። ከፍተኛው ጣሪያ ነው። ላማር በሁለቱም ጨዋታ 158.3 አግኝቷል። ቁጥሩ ለምን እንዲህ ጠማማ ሆነ ብዬ መምህሩን ጠየቅኩ። መጠኑን ለማስመር የምጠቀምበትን ጠመኔ አነሱና ካርቶን ላይ ሠሩልኝ። እናንተም ስልክ ካልኩሌተር ይዛችሁ ተከተሉ።

አራት ቁራጭ አለው። መጀመሪያ፣ ከወረወረው በመቶ ስንቱ ተያዘ? ከዚያ 30 ቀንሱ፣ በ0.05 አባዙ። ላማር በ2011 በመቶ 85 ነው። 30 ሲቀነስ 55፤ ሲባዛ 2.75 ይመጣል። ሁለተኛ፣ ያርዱን ለውርወራው አካፍሉ፣ 3 ቀንሱ፣ ለ4 አካፍሉ። 324 ለ20 ሲካፈል 16.2፤ መጨረሻው 3.3 ነው። ሦስተኛ፣ ተችዳውኑ ከውርወራው በመቶ ስንት ነው? በ0.2 አባዙ። 5 ከ20 በመቶ 25 ነው፤ ስለዚህ 5 ይመጣል። አራተኛው ቅጣት ነው። በተቃራኒ የተቀማ ኳስ በመቶ ስንት እንደሆነ አይታችሁ በ0.25 አባዙና ከ2.375 ቀንሱ። ላማር ምንም አልተቀማም፤ 2.375 እንዳለ ይቀመጣል።

አሁን ዘዴው። ከአራቱ የትኛውም ከ2.375 አይበልጥም። በልጦ ቢመጣም ይቆረጣል። የላማር 2.75 ተቆረጠ፣ 3.3ቱ ተቆረጠ፣ 5ቱም ተቆረጠ። አራት ጊዜ 2.375 ሲደመር 9.5 ነው። ለ6 ሲካፈል፣ በ100 ሲባዛ 158.3።

መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጠው «አየህ፣ ሜትሩ አልቆበታል» አሉኝ። ነገሩ ያኔ ነው የበራልኝ። ሜትሬ አንድ ሜትር ተኩል ነው። ሁለት ረጃጅም ሰዎች መጥተው ቁመታቸውን በሱ ብቻ ብለካ፣ ሁለቱም «አንድ ሜትር ተኩል» ናቸው። ከሁለቱ ማን እንደሚበልጥ ሜትሩ አይነግረኝም። በመቶ 77.5 ያስያዘና በመቶ 85 ያስያዘ እዚያ ላይ እኩል ናቸው። ስለዚህ 158.3 ካያችሁ «ጣሪያ ነክቷል» በሉ፤ «ሁለቱ እኩል ናቸው» አትበሉ።

ሌላም ጉድለት አለው። እግርን አይቆጥርም። በኅዳር 2012 ሬቨንስ የሎስ አንጀለሱን ራምስ 45 ለ 6 ሲያሸንፍ ላማር 20 ወርውሮ 15 አስያዘ፤ ያርዱ 169 ብቻ፣ ተችዳውኑ 5። በካርቶኑ ስሌት 139.4 ይመጣል። ግን 8 ጊዜ ሮጦ 95 ያርድ አግኝቷል። ያ 95 ሬቲንጉ ውስጥ የትም የለም። ራምስ ደግሞ በጥር 2011 ሱፐር ቦል የተጫወተ ቡድን ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከ59 ለ 10 ይልቅ የዚህን ምሽት ማሊያ ነው የምሰፋው።

ገበሩን እዩ

ደህና ኮት ስሰፋ ሰው የሚያመሰግነው ላዩን ነው። ጨርቁ አማረ፣ ኮሌታው ተቀመጠ ይላል። ኮሌታው እንዲቀመጥ ያደረገው ውስጥ ያለው ገበር ነው። ማንም አገላብጦ አያየውም።

የኳርተርባክ ገበር ፊቱ የሚቆሙት አምስት ግዙፍ ሰዎች ናቸው። መሃል ያለው ኳሷን ለኳርተርባኩ ከማቀበሉ በቀር ኳስ አይነኩም። ሥራቸው መግፋት ነው። እነሱ ሦስት ሰከንድ ከሰጡት ወርዋሪው ያስባል። ካልሰጡት ይወድቃል። ጨዋታ ስታዩ ቢያንስ አንድ አስር ሙከራ ላይ ኳሷን አትከተሉ፤ እነዚህን አምስት ሰዎች እዩ። ማሊያው ንጹሕ የሆነ ኳርተርባክ ስታዩ ምስጋናውን አካፍሉ። እየወደቀ እየተነሳ፣ ሰው እግሩ ላይ ተጠምጥሞበት የወረወረውን ደግሞ ለብቻው ያዙለት። ከ10 የአንደኛው ዓይነት ውርወራ አንድ የሁለተኛው ይበልጥብኛል።

ይህን ያየሁት በራሴ ሰው ሳይሆን በተለማማጁ ሰው ላይ ነው።

ከተሸናፊ ጋር ስታወሩ

ተለማማጁ የካንሳስ ሲቲ ደጋፊ ነው። ምክንያቱን ስጠይቀው «ኳርተርባካችን ማሆምስ ሳያይ ይወረውራል» አለኝ። ሌላ ምክንያት የለውም፤ ይበቃዋልም። ልጁ ምላሱ ስለታም ነው። በ2016 ስለ 56 ለ 19 ሳቅራራበት አንድ ወር ዝም ብሎ ቆየ። ጥር ላይ ካንሳስ ሲቲ ባልቲሞር ድረስ ሄዶ 17 ለ 10 አሸንፎ ከሱፐር ቦል አስቀረን። በነጋታው ገብቶ ምንም አልተናገረም። 17 ሳንቲም ቁራጭና 10 ሳንቲም ቁራጭ መኪናዬ ላይ አስቀምጦ ሥራውን ቀጠለ። በ2012ም እንዲሁ ነበር፤ 14 አሸንፈን 2 ብቻ በተሸነፍንበት ዓመት ቴነሲ መጥቶ 28 ለ 12 አሰናበተን።

ስለዚህ ፎገራን በልክ አድርጉት። ድሉ ከሰፋ ነጥቡ ራሱ ይናገራል፤ እናንተ መጨመር የለባችሁም። ተሸናፊው ሲመጣ መጀመሪያ የሱን ሰው ጥሩ ነገር አንሱ። ይህ ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ የምትሉት ይሰማል። ጥላፊዋ በዚህ ከሁላችን ትበልጣለች። የማንም ደጋፊ አይደለችም። ሁለታችን ስንጯጯህ «እስቲ ማነው መጀመሪያ የወደቀው?» ብላ አንድ ጥያቄ ትጥልና ወደ መስቀሏ ትመለሳለች። ብዙ ጊዜ ትክክለኛው ጥያቄ ነው።

ሰዓቱንም እወቁ። የእሁዱ ጨዋታ በክረምታችን መውጫ ማታ 2 ሰዓት ይጀምራል፤ እነሱ ሰዓታቸውን ሲያዞሩ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ማታ 3 ይሆናል። ሱፐር ቦል ሌሊት 8 ሰዓት ተኩል ነው። ቆሎ ያዙ። በማግስቱ ለደንበኛ ቀጠሮ አትስጡ፤ እኔ አንዴ እንቅልፌን ሳልጨርስ የሙሽራ ሱሪ አንዱን እግር አሳጥሬ ቆርጬ፣ ከራሴ ኪስ ጨርቅ ገዝቼ ነው የተገላገልኩት።

የካቲት 3 ቀን 2017 ሌሊት፣ ሱፐር ቦሉን ሱቁ ውስጥ በተለማማጁ ስልክ አየን። ሰኞ ሊነጋ ነው፤ ነነዌ የሚገባበት። ስለዚህ ከውኃና ከቆሎም ተከልክለን ደረቅ አፋችንን ይዘን ነው የተቀመጥነው። ፊላደልፊያ ከካንሳስ ሲቲ። ለእረፍት ሲወጡ 24 ለ 0። ማሆምስ በዚያ አጋማሽ 14 ወርውሮ 6 ብቻ ተያዘለት፣ 33 ያርድ፣ ሁለት ጊዜ ተቀማ። ፊላደልፊያ ተጨማሪ ሰው እንኳ ሳይልክበት በጨዋታው 6 ጊዜ ጣለው። ገበሩ ተቀዶ ነበር። በሦስተኛው ኳርተር የፊላደልፊያው ኳርተርባክ ጄለን ኸርትስ ለዴቮንታ ስሚዝ የ46 ያርድ ወረወረና 34 ለ 0 ሆነ። ኸርትስ 22 ወርውሮ 17 አስያዘ፣ 221 ያርድ፣ 2 ተችዳውን፤ በእግሩ ደግሞ 72 ያርድና አንድ ተችዳውን። አንዴ ተቀምቷል። በካርቶኑ 119.7 ነው። የጨዋታው ኮከብ ተባለ። መጨረሻው 40 ለ 22።

ከሰዓት በኋላ መምህሩ መጡ። ተለማማጁ ዓይኑ ቀልቷል፤ ግን አልተሰበረም።

«ማሆምስ 257 ያርድ ወርውሯል» አላቸው። «ኸርትስ 221 ነው። ማሆምስ 3 ተችዳውን፣ ኸርትስ በክንዱ 2።»

መምህሩ ምንም አላሉም። ወደ እኔ ዞሩ። እኔም መቀሴን አስቀምጬ፣ በቀስታ፣ «ሦስቱ ተችዳውን የገቡት ስንት ለስንት ሲሆን ነው?» አልኩት።

ልጁ ክሩን በመርፌ ቀዳዳ ሊያስገባ ሞከረ። አልገባለትም። ጫፉን በምራቁ አረጠበ።

«ከ34 ለ 0 በኋላ» አለ።

ጥላፊዋ ከበሩ «ጎሽ» አለችው።

ትንሽ ቆየና፣ ቀና ሳይል፣ «ጋሼ፣ የእርስዎ 59 ለ 10ስ፣ ለእረፍት ሲወጡ ስንት ነበር?» አለኝ።

«42 ለ 10» አልኩት።

«በማን ላይ?»